በየመጽሐፉ የሚመጣው ልብስ ሰፊ

ጦይባ ይመር ሰባት ቀን ሙሉ በአይኗ ልታነብ ነው ሲባል የመስሪያ ቤቷ ሰዎች ሳቁባት። ቢስቁ አይፈረድባቸውም። መጽሐፍ እኮ የሚወሰደው በጠብታ ነው። ብልቃጧን ከፍተህ ግራ አይንህ ላይ ጠብ ታደርጋለህ፣ ሶስት ደቂቃ ጣራ ጣራ ታያለህ፣ አለቀ፤ ስድስት መቶ ገጽ ጭንቅላትህ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል። ፊደል በፊደል እየለቀሙ ማንበብ ማለት የገመድ መኪናው በሩን ከፍቶ እየጠበቀህ ጦሳ ተራራን በእግርህ እንደመውጣት ነው። አንዱማ፣ ሲደክምሽ በጠብታ ጨርሺው፣ ማን ያይሻል፣ ብሎ አሾፈባት።

ግን ሯጭ እንዳለ ሁሉ አንባቢም አለ። በየአመቱ ክረምት ላይ፣ ደሴ ከላይ፣ ጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለው የንባብ አዳራሽ አስራ ሁለት ሰው ይቀበልና በሩን ይዘጋል። ከሰኞ እስከ እሁድ። ከጠዋት እስከ ምሽት ይነበባል፣ ከዛ ይተኛል። ከውጪ ወሬ አይገባም፣ ከውስጥ ወሬ አይወጣም። ሁሉም የሚያነቡት አንድ አይነት መጽሐፍ ነው፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል፤ እሁድ ላይ ብዙ ገጽ የቆጠረ ያሸንፋል።

ግንባር ላይ የምትታሰር ቀጭን ሻሽ አለች፣ መስካሪ ይሏታል። አይንህ ፊደሉ ላይ፣ ልብህ ቤትህ ከሆነ መስካሪ ትቀላለች፣ ያ ገጽ አይቆጠርልህም። ልብህም ከፊደሉ ጋር ከሄደ አረንጓዴ ናት። ሳቅህንም፣ ድንጋጤህንም፣ በመሃል ውል የሚልህን ትዝታም እየለቀመች ለአስነባቢ ታቀብላለች። አስነባቢ የአዳራሹ ማሽን ነው። በየሰዉ ፊት እንደ ጨርቅ የለሰለሰች አንዲት ነጭ ገጽ አለች፤ አንብበህ ስትጨርስ ጽሁፉ ይጠፋና ቀጣዩ ይወጣባታል። ያንን የሚያወጣው አስነባቢ ነው። ብርሃኑን፣ ሙቀቱን፣ የመስኮቱን መስታወት ሳይቀር እሱ ነው የሚያዘው፤ ሻይ ካልክ ይሰማሃል፣ ሻይ ይመጣል። ሰው የሆነ ሰራተኛ ጋሽ ሙሄ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም ስራቸው ማሽኑ እንዳይበላሽ መጠበቅና በር መዝጋት ነው።

ሽልማቱ አንድ የወረቀት መጽሐፍ ነው። ከምድር ቤቱ ካዝና አሸናፊው ራሱ መርጦ ወደቤቱ ይዞ ይሄዳል። ጦይባ የትኛውን እንደምትመርጥ ከመምጣቷ በፊት ታውቃለች። አባቷ ይመር አህመዴ ደሴ ውስጥ የመጨረሻው መጽሐፍ ጠራዥ ነበር፤ የመጨረሻ የጠረዘው መጽሐፍ እዛ ካዝና ውስጥ ነው። ከመጽሐፉ ጀርባ ውስጥ በቀይ ክር ያሰራት ትንሽ ቋጠሮ አለች፣ ምልክቱ ናት። አሁን አይኑ ደክሟል፣ ፊደል አይለይም፣ ጣቶቹ ግን አሁንም ክር ያስገባሉ። ያችን ቋጠሮ በእጄ ሳልዳስስ አልሞትም ይላል ሁሌ፣ እየሳቀ። የሰፈር ልጅ ሁሉ በጠብታ ሲያድግ ጦይባን ሀ ሁ ያስቆጠራት እሱ ነው። ሰኞ ጠዋት እያሳለው እስከ ገመድ መኪናው ድረስ ሸኛትና «ሳትጨርሺ እንዳትመጪ» አላት።

ሶስቱን ቀን መራች። ከአስራ ሁለቱ ሶስቱ አይናቸው አብጦ ወጡ፣ ዘጠኝ ቀሩ። ከኋላዋ የሚከተላት ጌታሁን የሚባል የወልዲያ ልጅ ነው፤ ስራው ገመድ መኪና መንዳት፣ አመሉ ደግሞ ሰው መተንኮስ። በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር «ጦይባ፣ የኋላ መስታወትሽን እያየሽ ንጂ፣ መጣሁልሽ» ይላታል። ጨው አቀብለኝ ብትለው፣ መጀመሪያ ሰላሳ ገጽ ልቀቂልኝ ይላል። እማማ የሺመቤት የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ በመሃል ገብተው፣ ኧረ ልጅቷን ተዋት ይሉታል፤ እሳቸውም ግን ቢሆንላቸው ያልፏታል። ረቡዕ ማታ ሁሉም ተሳስቀው ተኙ።

ሐሙስ ጠዋት ጦይባ አይኗን ልታሳርፍ ቀና ብላ በመስኮቱ ቁልቁል አየች። ከጦሳ ጫፍ ሸዋ በር ሰፈር እንዳለ ይታያል፣ የነሱ ቤት ጣራ ሳይቀር። መንገዱ ላይ፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ ነጭ ነገር ተዘርግቷል። ድንኳን ይመስላል። በክረምት ደግሞ ማን ነው የሚያገባው ብላ ለማጣራት አንገቷን ስታሰግግ ጉም መጣ። ግን ከገደሉ ስር ቀስ ብሎ እየተሳበ አልነበረም፤ መስታወቱ እፍ እንዳሉበት ሁሉ ባንዴ ነጭ ሆነ። ጦይባ ወደ ገጿ ተመለሰች። ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ጉም አይጠረጥርም።

የዛን ቀን የሚነበበው ስለ አንድ ባቡር ጣቢያ ነው። ገጽ መቶ አርባ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ገባ። ጣቢያው በር ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ፣ ግራኝ፣ ክር ሲያስገባ ጫፉን ሶስት ጊዜ በምራቁ የሚያረጥብ። ጦይባ ፈገግ አለች፤ አባቷም ግራኝ ነው፣ እሱም ሶስት ጊዜ ነው የሚያረጥበው። ሽማግሌ መቼም አንድ ነው ብላ አለፈችው። ልብስ ሰፊውን ትንሽ ያስለዋል። መንገደኛው፣ ኧረ ሃኪም ይዩ ሲለው፣ ብርድ ነው ይላል።

ምሳ ላይ ወሬው ሁልጊዜ ያነበቡት ነገር ነው። ጦይባ፣ ያ ልብስ ሰፊ እንዴት ደስ ይላል አለች።

አንዱ ጎርሶ ማኘክ አቆመ። እማማ የሺመቤት ማንኪያቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡና የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ማፍተልተል ጀመሩ። ጌታሁን በመስኮቱ ወደውጪ እያየ፣ ነጭ ጉም እንጂ የሚታይ ነገር የለም፣ «አዎ፣ ደግ ሰውዬ ነው» አለ። ከዛ የራሱን ብርቱካን አንስቶ ላጠ። በደንብ ነው የላጠው፣ ነጭ ክሩን ሳይቀር አንድ በአንድ ለቅሞ። ሲጨርስ የጦይባ ሰሃን ላይ አስቀመጠላት።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ምን እሆናለሁ። ብዪ እንጂ።»

ሶስት ቀን ሙሉ ጨው የከለከላት ሰው ነው ይሄ።

ከሰዓት በኋላ የገጽ መቁጠሪያ ሰሌዳውን አየች። ጌታሁንን ጠዋት በሰላሳ ስምንት ገጽ ነበር የምትበልጠው። ምሽት ላይም ሰላሳ ስምንት። ሌሎቹም ባሉበት ናቸው፣ ልክ በገመድ ከሷ ጋር እንደታሰሩ። ለሙከራ ብላ አንድ ሰዓት ሙሉ አስር ገጽ ብቻ አነበበች። አንድ ሰው አላለፋትም። ስምንቱም እሷን ጠብቀው እኩል ቀስ አሉ፣ ቀና ብሎ ያያት ግን የለም።

አርብ ሌላ መጽሐፍ ተጀመረ። የሌላ ሰው ድርሰት፣ ሌላ አገር፣ ስለ መርከብ ጉዞ ነው። ጦይባ ደስ አላት፣ ከዛ ጣቢያ ተገላገልኩ ብላ። ገጽ ስልሳ ላይ አንዱ መርከበኛ የመኝታ ክፍል በር ከፈተ፤ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተኝቷል። ግራኝ ነው። ተጋድሞም እየሰፋ ነው። ክሩን ሶስት ጊዜ አረጠበና መርፌዋን ወደ ብርሃን አንስቶ እንዲህ አለ፦ «ግባ እንጂ ጌታው፣ በሩ ክፍት ነው።»

ጦይባ መስመሩን መልሳ አነበበችው። ይሄን ቃል አባቷ ለክር ብቻ ነው የሚለው። ከልጅነቷ ጀምሮ የስራ ጠረጴዛው ስር ተቀምጣ ስትሰማው የኖረች እሷ ብቻ ናት፣ ለማንም ነግራ አታውቅም። ተነሳች። ከወንበር መነሳት ገጽ ያስቀንሳል፤ ይቀንስ ብላ ወደ ጋሽ ሙሄ ክፍል ሄደች።

ጋሽ ሙሄ ሲያዩዋት ብድግ አሉ፣ ባርኔጣቸውንም አወለቁ። ቁርስ በልተሽ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። በልቻለሁ አለች። ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠየቋት። ማሽኑ ተበላሽቷል፣ የማያገባው መጽሐፍ ውስጥ ሰው እየከተተ ነው፣ ከኔ ትዝታ እየሰረቀ ነው ብላ ስትነግራቸው፣ አዎ፣ በመስካሪዋ በኩል አንዳንዴ ይቀላቀላል፣ እናየዋለን አሉ። እያወሩ የሚያዩት ጫማዋን ነው።

«ያጥፉታ ታዲያ አንቱ።»

«ሞክሬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ገና ነው ይላል።»

ምኑ ነው ገና ብትላቸው ሻይ ልቅዳልሽ አሉ።

ስትመለስ በጌታሁን ትከሻ ላይ አጮልቃ ገጹን አየች። እሱም ገጽ ስልሳ ላይ ነው። መርከቡ አለ፣ መርከበኛውም አለ፣ በሩም ተከፍቷል። ልብስ ሰፊው ግን የለም። እሱ ያለበት ቦታ ባዶ ነጭ ነው፣ አንድ ፊደል የለበትም። ጌታሁን አይኑን የተከለው እዛ ባዶ ላይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ያለችው መስካሪ ቀልታለች፣ አይኑ እንባ አቅርሯል። ሲያያት ገጹን በመዳፉ ሸፈነ። እሷም ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ዞር ስትል እማማ የሺመቤት ነጠላቸውን ጥለቱን ወደላይ፣ ወደ አንገታቸው አድርገው ለብሰዋል፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። እንዳየቻቸው ሲያውቁ ፈጠን ብለው ገለበጡት፣ ብርዱ ነው ልጄ አሉ።

አሁን ጦይባ አውቃለች ማለት ይከብዳል። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው መጀመሪያ በሆዱ ነው የሚያውቀው፤ ከዛ ሆዱ ያወቀውን አፉ እንዳይሰማበት ይደብቃል።

ቅዳሜ ልብስ ሰፊው ባሰበት። ከገጹ ስር ሁሌ ስንተኛው ገጽ ላይ እንዳለህ ይጽፋል፣ ከሶስት መቶው ሁለት መቶ አስራ ሁለተኛው ላይ ደርሳለች። ልብስ ሰፊው ውሃ ጠየቀ። መርከበኛው የመርከቡን አለቃ ሊጠራ ሮጠ። ጦይባ እዚህ ላይ ቆመች። ገጹን ካልጨረሰችው ቀጣዩ አይመጣም፣ ቀጣዩ ካልመጣ ሽማግሌው ውሃ እንደጠየቀ ይቆያል። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አይኗን ጨፈነች። ልቧ ይመታል፣ መስካሪ ግንባሯ ላይ እንደ ትኩሳት ትግላለች። ማንም አልጠራትም። ሰዓት አለፈ።

አይኗን ስትከፍት ቁጥሩ ተቀይሯል። ሁለት መቶ አስራ ሁለት፣ ከሶስት መቶ አርባ።

መጽሐፍ ይረዝማል እንዴ? ፈራ ተባ እያለች አነበበች። ልብስ ሰፊው ውሃውን ጠጣ፣ አይኑን ከፈተ፣ ትንሽ አጥሚት ቢያገኝ አይጠላም። ሃያ ገጽ ሄዳ ሳሉ ሲመለስ፣ ደረቷ ሲጨንቃት፣ ቁጥሩ እያየችው አራት መቶ ሆነ፣ ሳሉም ለቀቀው። አስነባቢ ልቧን ይዞ ነው የሚጽፈው። ስትፈራ ይጨምርላታል። ከዛ በኋላ እንደዛ ቀን አንብባ አታውቅም። መስካሪ አንዴም ሳትቀላ ዋለች። ልብስ ሰፊው ተነስቶ ተቀመጠ፣ ቀለደ፣ አንድ የተቀደደ ሸራ ጠቀመ። አምስት መቶ ሰላሳኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ልብስ ሰፊው መርፌውን አስቀምጦ ቀና አለና፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ሳይኖር፣ ያችን ቋጠሮ አመጣሽልኝ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«እየመጣሁ ነው» አለች ጦይባ፣ ጮክ ብላ።

ስምንቱም አንባቢዎች አንገታቸውን እንደደፉ ናቸው።

ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። መስታወቱን በእጅጌዋ ጠረገች፣ አልጠራም፤ እርጥብም አይደለም። ከታች አየር የሚገባባት ትንሽ መዝጊያ አለች፣ እሷን ገፋ አድርጋ እጇን አወጣች። የሐምሌ ጸሀይ መዳፏን አቃጠለው። ውጪ ጉም የለም። ከሐሙስ ጀምሮ አልነበረም። ጎንበስ ብትልና በቀዳዳው ብታይ ሸዋ በር ከታች አለ፣ ቤታቸው አለ፣ ድንኳኑ የማን ደጅ ላይ እንደቆመ በአይኗ ታየዋለች።

አልጎነበሰችም። መዝጊያዋን መልሳ ገጠመችና ወደ ልብስ ሰፊው ተመለሰች።

እሁድ ሊነጋጋ ሲል ሱብሂዋን ሰግዳ ወደ አዳራሹ ወረደች። በሩን ስትከፍት ስምንቱም ቀድመዋታል። ወንበሮቻቸውን ከየቦታው አንስተው የሷን ወንበር ከበው ተቀምጠዋል። ጋሽ ሙሄም አሉ፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። የሴቶቹ ነጠላ በሙሉ ተዘቅዝቋል። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ገና ሳይነጋ ሰው ከቦ ሲጠብቀው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጌታሁን ክንዷን ይዞ አስቀመጣት።

የሚገርመው እሷን አይደለም የሚያዩት፣ ፊቷ ያለችውን ገጽ ነው። እንዲናገር የሚጠብቁት እሱን ነው። ገጹ በራ፣ ፊደሎቹ አንድ በአንድ መጡ።

ልብስ ሰፊው ዛሬ በጣም ተሽሎታል።

ጋሽ ሙሄ ግንባራቸውን ጠረጉ። ወደ ጣራው ቀና ብለው፣ ሰው እንደሚለምኑ፣ «ዛሬ ነው ተባብለን ነበር እኮ» አሉ።

ገና ነው፣ አለ ገጹ።

ዘጠኝ ትልልቅ ሰው ሃይ የሚል ጠፍቶ አንዲት ጨርቅ እስክትናገርላቸው ቁጭ ብለዋል። ጦይባ ዞር ዞር ብላ ሁሉንም አየቻቸው። በመጨረሻ የተናገረችው እሷ ናት።

«አባቴ ሞቷል፣ አይደል።»

እማማ የሺመቤት ያኔ ነው የጮሁት። ከዛ ሁሉም አለቀሱ፣ ጌታሁን ከማንም በላይ፣ አይቶት የማያውቀውን ሰው አባባ፣ አባባ እያለ። መስታወቱ ግን አልጠራም።

በኋላ ጋሽ ሙሄ እያፈሩ ነገሯት። ረቡዕ ከሰዓት ነው የሞተው። አክስቷ ሀዋ በገመድ መኪና እስከ አዳራሹ በር ድረስ መጥታ ነበር። ራሱ ነው ሲያጣጥር፣ ትጨርስ፣ እንዳትጠሯት ያለው፤ እና አክስቷ፣ ድንገት ነግራችሁ በድንጋጤ እንዳትገድሏት፣ ቀስ አድርጋችሁ አዘጋጇት ብላ አደራ ሰጥታ ተመለሰች። ጋሽ ሙሄ በህይወታቸው መርዶ ነግረው አያውቁም፤ ሰው የሞተበት ቤት ሲኬድ እንኳን ከኋላ ነው የሚቆሙት። ስለዚህ ሻይ እንደሚያዙት አድርገው አደራውን ለአስነባቢ አስተላለፉት። ማዘጋጀት ምንድነው ብሎ ጠየቃቸው። የሚያውቁትን ነገሩት፦ መጀመሪያ ትንሽ አሞታል ይባላል፣ ከዛ ጠና ይባላል፣ የቅርብ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ያውቃል፣ ከውጪ ነገር እንዳትሰማ ይጠበቃል፣ በመጨረሻ ጎህ ሲቀድ ተከቦ ይነገራል። አስነባቢም ለስምንቱ በየገጻቸው ሐሙስ ጠዋት ነገራቸው። ጋሽ ሙሄ ለሷ ለስለስ ያለ መጽሐፍ የሚመርጥላት ነበር የመሰላቸው።

«ቀብሩን አስመለጣችሁኝ» አለች ጦይባ። ይቺን ብቻ ነው ያለችው።

ጋሽ ሙሄ የካዝናውን ቁልፍ ሊያመጡ ተነሱ።

አሸናፊ ናት ተባለ፣ ማንም አልተከራከረም። መጽሐፉን ተቀብላ በገመድ መኪናው ወረደች፣ ጌታሁን አጠገቧ ተቀምጦ። ደሴ ፏ ብላለች፣ ጉም የሚባል ነገር የለም። ሸዋ በር እስኪደርሱ ድረስ ጣቷን ጥራዙ ውስጥ አስገብታ ያችን ቀይ ቋጠሮ እየዳሰሰች ነበር። ሁሉም እንዴት በትህትና ዋሹኝ እያለች ትናደድ ነበር።

በአስራ አንደኛው ቀን ጋሽ ሙሄ ለቅሶ ቤት መጡ። ተቀመጡ፣ ፋቲሃ ሲደረግ አብረው እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰው ቀነስ ሲል ጠጋ ብለው ወሬያቸውን ጀመሩ። አስነባቢ አላቆመም። አዳራሹ ለሌላ አንባቢ ቢከፈት፣ ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ መጽሐፍ ቢወጣ፣ የመንገድ ካርታ ቢወጣ፣ ልብስ ሰፊው አለ። በርትቷል፣ ይበላል፣ ይቀልዳል፣ በየቀኑ አንዴ ጦይባ መጣች ወይ ብሎ ይጠይቃል። ገጹ አራት ሺህ አልፏል። መስታወቱም እስከዛሬ እንደደፈነ ነው። የአዳራሹ አለቆች ነቅለን እንጣለው ብለዋል፣ እሳቸው ጥቂት ቀን ለምነው፣ አንቺ ብትነግሪው ሊሏት ነው የመጡት።

«መሞቱን ያውቃል እኮ፣ እርስዎ አይደሉ የነገሩት» አለች።

«ነገርኩት። ያኔ ግን ሰውየውን አያውቀውም ነበር» አሉ ጋሽ ሙሄ። «አሁን ያውቀዋል።»

በነጋታው ጠዋት በጥቁር ሻሿ ላይ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ለራሷ ስትምል ነበር፦ አልለሳልስም፣ አልዞርም፣ እኔን እንዳደረጉኝ አላደርግም፣ አንድ ቃል ብዬው እወጣለሁ። ጌታሁን ገመድ መኪናውን አቁሞ ተከትሏት ገባ። እማማ የሺመቤትም ተጠርተው መጥተዋል። ማንም ሳያዛቸው ወንበር አመጡና በዛች ገጽ ዙሪያ ተቀመጡ።

ጦይባ መስካሪን ግንባሯ ላይ አሰረች። ገጹ ወዲያው በራ፣ ደጅ ደጅ ሲያይ የቆየ ሰው በር ሲንኳኳ እንደሚነሳው አይነት።

ልብስ ሰፊው ክሩን ሶስት ጊዜ አረጠበ፣ አለ ገጹ። ግባ እንጂ ጌታው፣ በሩ ክፍት ነው አለ። ሳቀ። ዛሬ ሳሉ የለም።

የማለችበትን ቃል ከአፏ ጫፍ አድርሳው ነበር። ገጹን አየችው። ፊደሎቹ ባሉበት ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እየጠበቁ።

«ልብስ ሰፊው» አለች፣ «ትናንት ትንሽ አሞት ነበር።»

ጽሁፉ ጠፋ። ገጹ ነጭ ሆኖ ቆየ። ጋሽ ሙሄ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እማማ የሺመቤት የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ። በጣም ቆይቶ አንዲት ቃል መጣች።

ይሻለዋል?

ጌታሁን ወደ መስኮቱ ዞሮ የማይታየውን ውጪ ያያል። ጦይባ ያን ቀን ብርቱካኑን ለምን እንደዛ ክሩን ሳይቀር እንደለቀመው አሁን ገና ገባት። እጇን ወደ ራሷ ልካ መስካሪን ፈታቻት፣ ልቧ እንዳይታይ፣ አጥፋም ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት።

«ይሻለዋል» አለች።